ከቀጋው ሥር ያለ ደን

ሰኞ፣ ሰኔ 9። ረፋድ 4:10

ሌሊቱን ዘንቧል። የዝናብ መለኪያ ጣሳው ውስጥ ሁለት ጣት ተኩል። ደመናው የወጨጫ ተራራ ትከሻ ላይ ተቀምጦ አልነሳ ብሏል። ጧት ሻይ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቦት ጫማ። 12:30 ላይ ደን ገባሁ።

ጉሬዛ 11። ባለፈው ሳምንት 12 ነበሩ። ጭራዋ ግማሹ የተቆረጠው አሮጊት የለችም። ነብር ወስዷት ከሆነ ቅር አይለኝም፤ ነብሩ አለ ማለት ነው። ሰው ከሆነ ሌላ ነው። የድኩላ ዱካ ከጅረቱ ማዶ፣ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ትንሹ የዚህ ወር ነው። ደስ አለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል።

ደብተር፣ ቀጥሎ ያለውን በቁጣ ነው የምጽፈው። ቦታዬ ዙሪያ ችካል ተተክሏል። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ በየሃያ እርምጃው።

«ቦታዬ» ስል የእኔ አይደለም፤ የመንግሥት ደን ነው። ግን ካንተ በፊት የነበሩት ደብተሮች ያውቃሉ፤ አንተም እወቅ። ዘጠኝ ክረምት ሆነው። ማር ቆራጮች ጭሳቸውን ሳያጠፉ ሄደው እሳት የበላው ተዳፋት ነው። ያኔ የደኑ ጥበቃ ነበርኩ፤ የሥራዬ የመጨረሻ ዓመት። የመጣው ሁሉ እያየ ሞቷል ብሎ ሄደ። እኔ የከብት መግቢያውን በእሾህ ዘጋሁ። በየዓመቱ አድሳለሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። መጀመሪያ ቀጋ መጣ። አጋም ተከተለ። ወፍ የጥድ ፍሬ በልታ እሾሁ ላይ አረፈች፤ የበላችውን እዚያው ጣለች። ከብት እሾህ ውስጥ አፉን አይከትም። ዛሬ ጎንበስ ብለህ ከቀጋው ሥር ብታይ ጥድ አለ፣ ወይራ አለ፣ ኮሶ አለ። ስንዝር የሚሆን፣ ጉልበት የሚደርስ፣ ደረቴ ላይ የሚደርስ። ቆሞ ከሩቅ ለሚያይ ቁጥቋጦ ነው።

ድኩላዋ በክረምት የምትወልደው እዚያ ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለልጄም።

ቀያሾቹ በሰሜን በኩል በገጀራ መንገድ ከፍተዋል። ስፋቱ ሁለት ክንድ። ሦስት ኮሶ ተቆርጧል። አንዱ ደረቴ የሚደርሰው ነበር።

ነገ ሰበታ እወርዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10። 8 ሰ.

ሄድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። የችግኝ ተከላውን የሚመራው ጽ/ቤት ሦስት ክፍል ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ። የተቀበለችኝ ወ/ት ጫልቱ፤ የደን ባለሙያ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ። ኦቦ ደምሴ እያለች ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም።

ካርታውን በኮምፒውተር አሳየችኝ። ቦታዬ ቢጫ ተቀብቷል። ቢጫ ማለት «ቁጥቋጦ የወረረው የተራቆተ መሬት» ማለት ነው። ሐሙስ ሰኔ 26 ምንጣሮ። ቅዳሜ 28 የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች በአውቶቡስ መጥተው ችግኝ ይተክላሉ። የምን ችግኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ጥድና ኮሶ።

ጥድ መንጥረው ጥድ ሊተክሉ!

የጥድን የሳይንስ ስም ጠየቅኋት። ጁኒፐረስ ፕሮሴራ አለች፣ ሳታስብ። የወይራንም፣ የኮሶንም አወቀች። እኔ እነዚያን ስሞች ከአሮጌ መጽሐፍ ለማጥናት አንድ በጋ ፈጅቶብኛል። ይህችን ልጅ ሰነፍ ናት ማለት አልቻልኩም። ቢሆን ይቀልለኝ ነበር።

ምን አለበት ቦታው ላይ፣ ለምን ይቃወማሉ አለችኝ። አልነገርኳትም። ድኩላ አለ ብዬ ቢሮ ውስጥ ብናገር ማታ ገበያ ውስጥ ይሰማል፤ ቅዳሜ ወጥመድ ይጠመዳል። አትንኩት፣ በቃ አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀች። እኔ ስላልኩ አልኳት። እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ቀረች። «ኦቦ ደምሴ፣ ይህን ለኃላፊዬ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

እንዳልኩሽ ጻፊው ብያት ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12። ሚካኤል። 10 ሰ.

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልማዝ በር ላይ። ልጄ ቡራዩ ነው የምትኖረው፤ በአየር ጤና ዞራ፣ ሦስት ታክሲ ቀይራ መጣች። አዲሱ ቤቷ ገና ልስን አልወጣም፤ ለእኔ ግን አንድ ክፍል ለይታለች። አሁንም ያንኑ ነገር። ጉልበትህ፣ ብቻህን፣ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል። ከሰገነቱ የገፈርሳ ውኃ ይታያል ትላለች። ምን ልጠብቅ እዚያ? ውኃው ጠባቂ ቀጥሮ ነው የሚኖረው።

ከፊቴ ላይ አንድ ነገር አየች መሰለኝ፤ ደጋግማ ጠየቀች። ስለ ቦታው ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ። ዘጠኝ ዓመት? አለች። ዘጠኝ አልኩ።

«አባዬ፣ ያልነገርከው ሰው በምን ይወቅልህ?»

የነገርኩት ሰው ይቆርጠዋል አልኳት።

«ይኸው ያልነገርከውም ሊቆርጠው ነው።»

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ጓሮ ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ። የሚፈለጥ እንጨት አልነበረም፤ የተፈለጠውን ደግሜ ፈለጥኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። ቀትር

ወጥመድ። የሞተር ሳይክል ፍሬን ሽቦ፣ ቋጠሮው በድኩላ አንገት ልክ። የተጠመደው ቀያሾቹ በከፈቱት መንገድ አፍ ላይ ነው። ሽቦው ላይ ቀይ ዳማ ፀጉር፣ ትንሽ። ደም የለም። የተጎተተ ነገር ምልክት የለም።

ሽቦውን ፈታሁ። ከዚያ ከወደቀው ዝግባ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሞቶ እስኪደነዝዝ። 5 ሰ. ግድም ወጣች። እናቲቱ። አንገቷ ላይ የተላጠ መስመር አለ። ልጇ ከኋላዋ፣ እግሩ ገና ከሸምበቆ የቀጠነ። ቅጠል በጠስ አደረገች፣ ጆሮዋን ወዲህ ወዲያ፣ ተመልሳ ቀጋው ውስጥ ገባች።

መንገዱን በአጋም ዘጋሁ። እጄ ደምቷል፤ ደብተሩ ላይ ያለው እድፍ እሱ ነው።

አሁን በጽሞና ላስብ። ቦታውን የጠበቀው እሾሁና የእኔ ዝምታ ነበሩ። እሾሁን ሰው ቆረጠው። ዝምታዬ ከዚያ በኋላ የሚጠቅመው ለወጥመድ ጠማጁ ነው፤ ማንም ስለማያውቅ ማንም አይጠይቀውም። አልማዝ ልክ ናት። ለእሷ አልነግራትም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16። ማታ 1 ሰ.

የዘጠኙን ዓመት ደብተሮች ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ጽ/ቤት ወሰድኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጎልማሳ ሆኜ። ሌላውን በራሴ ተማርኩ። ደብተሮቼን ሰው አንብቧቸው አያውቅም። ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጣቸው ልብሴን ያወለቅሁ መሰለኝ።

ጫልቱ አነበበች። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልተነሳችም። አንዳንዱን ድምፅ አውጥታ። «መስከረም 20። ከሦስተኛው ቀጋ ሥር ጥድ አንድ፤ ቁመቱ ስንዝር።» ቀጥላ የሚቀጥለውን ዓመት መስከረም ፈለገች፤ ያው ጥድ፣ ስንዝር ተኩል። ቀጥላ የሚቀጥለውን። አንድ ቦታ ሳቀች፤ ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ዛሬ ስብሰባ ነበር። ዝናቡ ይሻል ነበር» የሚለው ነው።

ለምን ባለፈው አልነገሩኝም አለች። ድኩላውን ነገርኳት። በሩን ሄዳ ዘጋች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ስለዚህ ነገሩ ገብቷታል።

ኃላፊው 9 ሰ. መጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቸኳይ ነው። ሦስት ነገር አለ። አንድ፤ ደብተር አንድ ሰው የጻፈው ነው፣ ስለ እሳቱና ስለ ቦታው የሚመሰክር ሌላ የአካባቢ ሰው ይፈርም። ሁለት፤ ባለሙያዋ ገብታ አይታ ሪፖርት ታቅርብ። ሦስት፤ አማራጭ ቦታ። ችግኙ ተዘጋጅቷል፣ አውቶቡሱ ታዟል፤ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ችግኝ አይከርምም።

አላግባብ አልጠየቀም። ይህ ነው ያናደደኝ።

ምስክር። እሳቱን አብረውኝ ያጠፉት ሁለት ነበሩ። አንዱ አርፏል። ሁለተኛው ፈይሳ ነው።

ፈይሳ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18። 7 ሰ.

ስለ ፈይሳ አጭር ነገር ልጻፍ። ጎረቤቴ ነው፤ ቤቱ ከቤቴ በላይ፣ የጩኸት ርቀት። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ጥድ ሲቆርጥ ያዝኩት። አንድ ጥድ። ሌላው ጥበቃ በምክር ይለቀው ነበር፤ እኔ ወደ ሕግ ወሰድኩት። አራት ወር ታሰረ፤ በአጨዳ ወቅት። ጤፉን ሚስቱ ብርቄ ብቻዋን ሰበሰበች። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እሳቱ የተነሳ ቀን እንኳን ጎን ለጎን ቆመን ስናጠፋ አልተነጋገርንም። ለቅሶ ቤት በአንገት ሰላምታ፤ እሱም ሰው ካየን።

ዛሬ ጧት በሩን አንኳኩቼ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አልኩት።

«አካም ቡልቴ፣ ፈይሳ።»

ላም እያለበ ነበር። ቀና አላለም። «ጥድ ልትቆጥር መጣህ? አንድ አለኝ። የቤቴ በር መቃን ሆኗል። ግባና እየው፤ ለእሱ ታስሬበታለሁ፣ የራሴ ነው።»

ብርቄ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። ወንበር ሰጠችኝ፣ ቆሎ አቀረበች። ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ችካሉን፣ ምንጣሮውን፣ ወጥመዱን። ቦታው የት እንደሆነ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ።

«የትኛው ነው የምታስረዳኝ? ያ ድብቅ ቦታህ?» ወተቱን ለብርቄ ሰጣት። «ደምሴ፣ ላሞቼ እሾህህን የሚፈሩ ይመስልሃል? በየጧቱ በዱላ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት። አንተ ስትመጣ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ እንዳንተያይ።»

ለምን አልኩት።

«ድኩላዋ ስትወልድ አየሁ። ዓይን የተሰጠው ላንተ ብቻ መስሎሃል?»

ቆሎ አፌ ውስጥ ነበር። ለመዋጥ ጊዜ ወሰደብኝ።

እፈርማለሁ አለ፤ ልጅቷንም ይዘን እንገባለን አለ። ከዚያ ስለ አማራጭ ቦታው ጠየቅሁት። የእሱ ግጦሽ ተዳፋቱ ላይ ባዶ ነው፤ ችግኝ ይይዛል።

ፊቱ ተለወጠ። «ላሞቼ ምን ይብሉ? ችግኝ? ያንተ ባሕር ዛፍስ?»

ያ ደን አይደለም፣ ማሳዬ ነው አልኩት።

«ማሳህ ምንጩን ጠጥቶታል። ድኩላዋ በበጋ እስከ ታች ጅረቱ ድረስ የምትወርደው፣ የሰፈር ውሻ የሚያባርራት፣ ለምንድን ነው? ድሮ የት ነበር የምትጠጣው? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ ጸሐፊው።»

ተነሣሁ። ቁንን ብዬ ሄድኩ። ብርቄ ከኋላዬ ቆሎህን ይዘህ ሂድ እንጂ አለች። አልተመለስኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20። 11 ሰ.

ትናንት አልጻፍኩም። ፈይሳ ከብት ያረባል፤ ስለ ውኃ ምን ያውቃል። ምንጭ በብዙ ምክንያት ይደርቃል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት።

ዛሬ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣሁ። ከደኑ ጠርዝ ያለችው ማሳዬ ናት። ጥር ላይ ተቆርጦ ነበር፤ አሁን ጉቶው ሁሉ አቆጥቁጦ ወገቤ ደርሷል። ምንጩ የነበረበት ድንጋይ አለ። ክረምት ገብቶ እንኳን ሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ብቻ ነው፤ ውኃ አይወጣም። ድንጋዩ ላይ የከብትና የድኩላ እግር የቦረቦረው ጠርዝ አሁንም ይታያል።

ቤት ገብቼ የብረት ሣጥኑን ከፈትኩ። የጥንቶቹን ደብተሮች። ፈልጌ አገኘሁ። በእጄ፦

«ሐምሌ 14። ባሕር ዛፍ ተከልኩ። ከምንጩ አሥር እርምጃ፤ እርጥበት ስላለው ጥሩ ይይዛል።»

ከሦስት ዓመት በኋላ፦ «ጥር 7። ምንጩ ቀጥኗል። ዝናብ አጥሯል።»

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት፦ «የካቲት 2። ምንጩ የለም። ምክንያቱ አልታወቀም።»

ምክንያቱ አልታወቀም! በደንብ በተቀረጸ እርሳስ፣ ቀጥ ባለ መስመር። የዝናቡን ልክ በየቀኑ ጽፌያለሁ፤ ያ ዓመት ዝናብ አላጠረም፤ እዚያው ደብተር ውስጥ አለ። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርጌ አይቼ አላውቅም። ሰውን አንድ ጥድ ቆረጠ ብዬ ለአራት ወር አሳስሬ፣ እኔ ውኃ ቆርጫለሁ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 22። 9:30

ጫልቱ በእረፍት ቀኗ መጣች። ፕላስቲክ ቦት ጫማ፣ የሰውነቷ ሁለት እጥፍ የሆነ የዝናብ ካፖርት። ፈይሳ በሩ ላይ ሲያያት በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት፤ ሳቀች። ምን እንዳለ ስጠይቀው ይህ ሽማግሌ ፈገግ ሲል ካየሽ ፎቶ አንሺው ብያታለሁ አለኝ።

ሦስታችንም ገባን። ጎንበስ በይ አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፤ ቆማ ቀጋውን ዞር ብላ አየች። ፈይሳ ትከሻዋን ይዞ ዝቅ አደረጋት። በጉልበቷ ጭቃ ውስጥ እየዳኸች ከአንዱ ቀጋ ወደ ሌላው። ለናሙና ገመድ ዘርግታ ገመዱ ውስጥ ያለውን ብቻ ቆጠረች፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሥራዋን ታውቃለች። ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አላት።

ፈይሳ በዱላው የአጋሙን ቅርንጫፍ ከፍ አድርጎ ያዘላት። እኔ ምስክርነቱን በቃል እየነገርኩት እሱ አረመኝ። እሳቱ ዓርብ ነው የተነሳው አልኩ። ሐሙስ ነው አለ። ደብተሬ ዓርብ ይላል አልኩት። ደብተርህ የጻፈው አንተ ስትደርስ ነው፤ እኔ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እዚያ ነበርኩ አለ። ብቻውን ሲያጠፋ እንዳደረ አላውቅም ነበር።

ድኩላዋ ከሦስት እርምጃ ርቀት ተፈናጥራ ወጣች። ጫልቱ ወደ ኋላ ወደቀች። ልጇ አልወጣም፤ ቅጠል ውስጥ ተለጥፎ ዓይኑ ብቻ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ቀስ ብለን ወጣን። ፈይሳ ከኋላ ቀርቶ የረገጥነውን ሣር በዱላው መልሶ አቀና።

መመለሻ ላይ ሁለተኛ የሽቦ ወጥመድ። ፈይሳ ነው ያየው። ፈቶ ኪሱ ከተተው። ማን እንደሆነ ገምቻለሁ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ፣ አንተ አትምጣ አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለቴ ለሁለታችንም እንግዳ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24። 10 ሰ.

ሦስታችን ከኃላፊው ፊት። ሪፖርቱ፣ ፎቶው፣ የፈይሳ ፊርማ። ኃላፊው አንድ አንድ ገጽ ገለጠ። ፎቶዎቹ ላይ ቆየ። ቢጫውን ቀለም በአረንጓዴ ቀይሪው አላት። ከዚያ ሰዓቱን አየ።

አማራጭ ቦታውስ?

ጫልቱ ሳምንቱን ሙሉ ስትዞር ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቷል። የትምህርት ቤቱ ባለፈው ዓመት ተተክሏል። ተዳፋቱ ላይ ግጦሽ ያላቸው አንድ በአንድ እምቢ ብለዋል። ኃላፊው እስከ ነገ 6 ሰ. ቦታ ካልተገኘ ምንጣሮው በተያዘለት ቀን ይካሄዳል አለ። ከላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቢያንስ ትልልቆቹን እየዘለሉ ይመንጥሩ አለ፣ ለእኛ ያዘነ መስሎት። ትልልቆቹን እየዘለሉ። ገጀራ የያዘ ሰው ከቀጋ ሥር ያለች ስንዝር ጥድ ማየት ይችላል?

ፈይሳ አጠገቤ ተቀምጧል። የእኔን ባሕር ዛፍ ያውቃል። አፉን ቢከፍት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሁሉም ወደ እኔ ይዞር ነበር። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ግድግዳውን አየ።

ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25። ጧት 1:15

ለአልማዝ ደወልኩ፤ ወደ ሥራ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ አገኘኋት። ማሳው ከእኔ በኋላ የእሷ ነው ተባብለን ነበር። የሚቀጥለው ቁርጥ ለሰርቪስ ቤቷ ጣሪያ እንዲሆን ቃል ገብቼላታለሁ። ሌላ የማወርሳት የለኝም፤ ቤቱም ቢሆን ጭቃ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ምንጩንም። የራሴን ጽሑፍ በስልክ አነበብኩላት።

ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

አለሁ አለች። «ቃል ገብተህልኝ ነበር፣ አባዬ።»

ገብቼ ነበር አልኩ።

የጣሪያውን ማገር ሌላ ቦታ እገዛለሁ አለች። ድምፅዋ ደስ ያለው አልነበረም፤ ደስ እንዲላትም አልጠየቅሁም። ከዚያ የድኩላዋ ልጅ ወንድ ነው ሴት ብላ ጠየቀች። አላየሁም አልኳት።

በዚያው ቀን። 8 ሰ.

ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩ። ጫልቱ በኮምፒውተር ልጻፍልዎት አለች፤ እምቢ አልኩ። እዚህም ልመዝግበው፦

«እኔ ደምሴ፣ ከደኑ ጠርዝ በይዞታዬ ያለውን የባሕር ዛፍ ማሳ የአገር በቀል ችግኝ እንዲተከልበት ፈቅጃለሁ። ለምንጣሮ የተዘጋጁት ሰዎች ከጉቶው ያቆጠቆጠውን ይቆርጣሉ፣ ጉቶውን ይነቅላሉ። ከምንጩ ድንጋይ ዙሪያ አንድም ባሕር ዛፍ አይቀርም። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ሆንኩ ወራሼ በቦታው ባሕር ዛፍ አንተክልም። እሳት የበላው ቦታ ላይ ያለው ችካል ዛሬውኑ ይነቀል።»

ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ጫልቱ ባዶውን መተው ይችላሉ አለችኝ። «ከምንጩ አጠገብ የተከልኩት በስህተት ነው» ብዬ ሞላሁ። ፈረምኩ። ኃላፊው ማኅተም አደረገ፤ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። የማኅተሙ ቀለም ደብዝዟል አልኩት።

ችካሎቹን ራሴ ነቀልኩ። ፈይሳ ተሸከመ። ለላሞቹ በረት ማጠሪያ ይሆነኛል አለ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ተመላሽ ይሆናል አልኩት። ትን እስኪለው ሳቀ። ችካሎቹ ነገ ጧት ጽ/ቤት ይመለሳሉ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26። ጧት 12:20

ሰዎቹ መጥተዋል። ስምንት ናቸው፤ ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ብረት መፈንቀያ። ጫልቱ አብራ መጥታለች፤ አንዱን ጉቶ ከበው ሲነጋገሩ ከመስኮት ይታየኛል። ጉቶው ከባድ ነው፣ በሁለት ቀን ሁሉም አያልቅም ይላሉ። ለቅዳሜ የሚደርሰው ይደርሳል፤ ለቀረው ፈይሳ የሰፈሩን ሰው ለሰኞ ደቦ ጠርቷል። ሰው የሚመጣው በእኔ ስም አይደለም፣ በእሱ ስም ነው።

ሁሉም የሚይዝ እንዳይመስልህ። ከተተከለው ግማሹ ይደርቃል። ጉቶው ሥር ከቀረለት ደግሞ ያቆጠቁጣል። ውኃውም ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ቢመለስ እኔ ላላየው እችላለሁ። ይህን ለጫልቱ ነግሬያታለሁ። ታውቀዋለች። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር እሷ ዘንድ ይቀመጣል፤ ያየሁትን እየወረድኩ እነግራታለሁ፣ በእጇ ትጽፋለች። ቡራዩ አልሄድም። ይህንንም ለአልማዝ ነግሬያታለሁ።

ፈይሳ ከአጥሩ ማዶ እየጮኸ ነው። «ደምሴ! ጥድ ስቆርጥ ገና ሁለተኛውን ምት ሳልመታ ደርሰህ ነበር፤ ዛሬ ምን ያዘህ?»

መጣሁ አልኩት። ሰዎቹ ከምንጩ ድንጋይ ጋ ያለውን ትልቁን ጉቶ እንዳይነኩት ከትናንት ጀምሮ አስጠንቅቄያለሁ። ዶማዬን ሞርጃለሁ። እሱን የምጀምረው እኔ ነኝ።